ግልጽ ደብዳቤ፦ በረዶ ለበላው ጤፍ የገቢ ግብር የሚያስከፍለው ሕግ ይሻሻል

ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ለክልላችን ምክር ቤት የበጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
ለክልላችን ገቢዎች ቢሮ ኃላፊ

ክቡራን፣

ይህ ጉዳይ በአደባባይ ደብዳቤ አልተጀመረም። በቀበሌ ስብሰባ ተነሥቷል፣ ለወረዳ በጽሑፍ ቀርቧል፣ ለዞን አቤት ተብሏል። ወረዳው «ሕጉን ያወጣው ክልል ነው፣ እኛ ፈጻሚ ነን» አለ። ዞኑ በማመልከቻው ግርጌ «ተጣርቶ ምላሽ ይሰጥ» ብሎ ጽፎ አቤቱታ ወደቀረበበት ወረዳ መልሶ ላከው። ወደ ክልል የተላከው መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት እዚያው ቀረ። አልሰማንም እንዳትሉ እነሆ በግልጽ ጻፍንላችሁ።

የምንናገረው ስለ ገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና ስለ ግብርና ሥራ ገቢ ግብር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ሁለቱን ለያይቶ ነው ለክልል የሰጠው። በንዑስ አንቀጽ 2 የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ አለ፤ በንዑስ አንቀጽ 3 በግል የሚያርሱና በኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁ አርሶ አደሮች የሚከፍሉት የገቢ ግብር አለ። የመጀመሪያው የሚከፈለው መሬት ስለተያዘ ነው፤ በእርሱ ላይ ክርክር የለንም። ሁለተኛው ግን ስሙም እንደሚለው የገቢ ግብር ነው፤ ገቢ ሲኖር የሚከፈል፣ ገቢ ሲጠፋ የሚቀር። ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ግን ሁለቱም የሚሰሉት ከአንድ ቁጥር ነው፦ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ከተጻፈው የሄክታር መጠን። ጤፍ ተዘራ ዳጉሳ፣ ሰብሉ ያዘ ወይም ተበላሸ፣ ያረሰው ባለ ደብተሩ ሆነ ምርቱን ለመካፈል የሰው መሬት የሚያርስ እኩል አራሽ፣ የግብሩ ማስከፈያ ሠንጠረዥ አይጠይቅም።

ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 100 ግብር ስትጥሉ ከምንጩ ጋር የተያያዘና በአግባቡ ተጠንቶ የተወሰነ መሆኑን እንድታረጋግጡ ያዛችኋል። መጠኑም ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ያዛል። የገቢ ግብር ምንጩ ገቢ ነው። ሄክታር ገቢ አይደለም።

የወረቀት ክርክር እንዳይመስላችሁ፣ ባለፈው የምርት ዘመን በአንድ ቀበሌ የሆነውን እንንገራችሁ። ቀበሌውንም፣ ወረዳውንም፣ ሴትየዋንም በስም አንጠራም፤ ስሙ የወጣ ገበሬ በሚቀጥለው የማዳበሪያ ዝርዝር ላይ ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን።

ባሏ የሞተባት፣ ልጆች የምታሳድግ አርሶ አደር ናት። በደብተሯ 5 ጥማድ ተጽፏል፤ በእናንተ ስሌት 1.25 ሄክታር። 3ቱን ጥማድ ከትልቁ ልጇ ጋር ጤፍ ዘራችበት፤ ጥማድ በሬ ስለሌላት 2ቱን በእኩል ሰጠች። መሬቱ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ነው። መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ጤፉ ራስ አውጥቶ ወተት በያዘበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ጤፍ በረዶ የሚችል ሰብል አይደለም። አገዳው ቀጭን ነው፤ ከመሃሉ ይሰበራል፣ የተሰበረው ራስም ፍሬ ሳይሞላ ይደርቃል። ዝናብና ነፋስ ያጋሸበው ጤፍ ፀሐይ ካገኘ በከፊል ቀና ይላል፤ በረዶ የቆረጠው አይነሣም። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ በማግስቱ መጥቶ አየ። የ3ቱ ጥማድ ሰብል ከሞላ ጎደል መጥፋቱን ጽፎ ፈረመ።

ሰብሉ የጠፋበት አርሶ አደር ከዓመቱ ግብር ነፃ የሚወጣበት መንገድ አለ ብላችሁ ትመልሱ ይሆናል። መንገዱን አብረን እንሂድበት። የቀበሌው ባለሙያ ፊርማ ብቻውን አይበቃም። የቀበሌው አስተዳደር ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ቃለ ጉባኤው ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ ከግብርና፣ ከገቢዎችና ከመሬት አስተዳደር የተውጣጣ ቡድን ማሳው ላይ ተገኝቶ ያረጋግጣል። ለቡድኑ መኪና፣ ለመኪናው ነዳጅ፣ ለሰዎቹ አበል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ እስኪሟላ መሬቱ አይጠብቅም። ዋልካ በመስከረም መጨረሻ የያዘው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ለማብቀል ይበቃል፤ ዕድሜው ግን ጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ማረሻም አይገባውም።

ስለዚህ ገበሬዋ ፊት ሁለት ነገር ብቻ ቀረ። ማሳውን እንዳለ ትታ ቡድኑን ብትጠብቅ ማስረጃዋ ይቆይላታል፤ የዓመቱ ምግብ ያመልጣታል። ገልብጣ ብትዘራ ለልጆቿ የሚላስ የሚቀመስ ታገኛለች፤ ማስረጃዋ ግን ከአፈሩ ጋር ይገለበጣል። ጠበቀች። ቡድኑ አልመጣም። እርጥበቱ ሊያልቅ ሲል በሬ ለምና ጤፉን ገለበጠችውና ጓያ ዘራች። ቡድኑ የመጣው ጓያው ከበቀለ በኋላ ነው። በቅጹ ላይ «ማሳው በሰብል የተሸፈነ ነው» ብሎ ሞልቶ ሄደ።

የተጻፈው ሐሰት አይደለም፤ ማሳው በሰብል ተሸፍኗል። በደሉ ያለው ቅጹ የሚጠይቀው ላይ ነው። ቅጹ የሚጠይቀው ቡድኑ በደረሰበት ቀን ማሳው ላይ ምን እንዳለ እንጂ በመኸሩ ምን እንደጠፋ አይደለም። ጓያ ደግሞ ምን ዓይነት ሰብል እንደሆነ የግብርና ቢሮ ሰዎች አያጡትም። ድርቅንም የተኛ ውኃንም ስለሚችል ደሀ መጨረሻ ላይ የሚጠጋበት ሰብል ነው። ሌላ እህል በጠፋበት ዓመት ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላም እግር ያሽመደምዳል። አንድ ቤት ጤፉን አጥቶ ጓያ ከዘራ ያ ቤት ተጎድቷል ማለት ነው። እናንተ ግን የጉዳቱን ምልክት የገቢ ማስረጃ አደረጋችሁት።

የ2ቱ ጥማድ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ከተረተሩ ማዶ ስለሆነ በረዶው ስቶታል። ከተገኘው ምርት እኩል አራሹ ግማሹን ወሰደ፤ በሬውም ጉልበቱም የእርሱ ነውና ደንቡ ነው። የገቢ ግብሩ ግን በሙሉ የተጠየቀው ከእርሷ ነው፤ ደብተሩ በእርሷ ስም ነዋ። አንድ ሰው ላገኘው ገቢ ግብሩን ሌላ ሰው ይከፍላል ማለት ነው። በየቀበሌው መሬቱን በእኩል ወይም በሲሶ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ ባል የሞተባት፣ የሸመገለ፣ የታመመ፣ በሬ የሌለው። ሠንጠረዡ ሸክሙን ከጠንካራው ትከሻ አውርዶ እነዚህ ላይ ይጭነዋል። ይህን ለማየት ጥናት አያስፈልግም፤ የአንድ ቀበሌ የግብር መዝገብና የማረስ ውል ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

ጥር ላይ ክፈይ ተባለች። አልነበራትም። ግንቦት ላይ የማዳበሪያ ዝርዝር ሲወጣ ስሟ የለበትም። ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው የገበሬዎች መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር የዓመቱን የግብር ደረሰኝ ካላመጣሽ አንሰጥሽም አላት። ማኅበሩ ትእዛዙ ከቀበሌ ነው ይላል፤ ቀበሌው ከወረዳ ነው ይላል፤ ወረዳው በጽሑፍ የሰጠው ነገር የለም። ይህ በእርሷ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ በገጠሩ የተለመደ አሠራር ነው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ግብር አሰባሰቡ መቶ በመቶ ተሳካ ተብሎ ሪፖርት ሲቀርብላችሁ በምን እንደተሳካ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

የሚፈቅድ አንቀጽ ካለ አሳዩን። ግብር ያልከፈለ ሰው ምን እንደሚሆን በግብር አስተዳደር ሕግ ተጽፏል፦ ማስታወቂያ ይደርሰዋል፣ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ወለድና ቅጣት ይታሰብበታል፣ መጨረሻው ንብረት መያዝ ነው፤ በመካከሉም ቅሬታና ይግባኝ አለ። ማዳበሪያ መከልከል በዚያ ውስጥ የለም። ማዳበሪያ ደግሞ ከፈለጉት ሱቅ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። የሚመጣው በኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር በኩል ነው፤ ከዝርዝር የወጣ ገበሬ የሚቀረው የጥቁር ገበያ ዋጋ ወይም መሬቱን ባዶውን መዝራት ነው። ሴትየዋ ባዶውን ዘራች።

ጉዳቱን በልኩ እንየው። በሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ (ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ) እና አንድ ኩንታል ዩሪያ (የናይትሮጅን ማዳበሪያ) በሚለው የቆየ ምክር ብንሄድ ለ3 ጥማድ ከእያንዳንዱ 75 ኪሎ ይደርሳታል። ኤንፒኤስ ከዘሩ ጋር አፈር ውስጥ መግባት አለበት፤ ፎስፈረስ ካረፈበት ብዙ አይንቀሳቀስምና በኋላ ላዩ ላይ ቢበተን ሥሩ አያገኘውም። ዩሪያም ጊዜ አለው። ከፊሉ ቡቃያው እንደወጣ፣ ቀሪው ጤፉ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ካልተሰጠ ዘግይቶ የሚበተነው ገለባ ያሳድጋል፣ ሰብሉንም ያጋሽባል። ውኃ በተኛበት ዋልካ ላይ ደግሞ ከፊሉ ወደ አየር ይባክናል። ስለዚህ «ስትከፍል ይሰጣታል» የሚለው መልስ መልስ አይደለም። ዘር ካለፈ በኋላ የሚሰጥ ኤንፒኤስ ለዚያ ዓመት ጤፍ አይሠራም። ለጥቂት ብር ውዝፍ ተብሎ የመጪው ዓመት ምርት ተቆረጠ፤ ውዝፉ የሚከፈለውም ከዚያው ምርት ነበር። ዘንድሮ ከእርሷ የተጠየቀው ያለፈውና የዚህ ዓመት ተደምሮ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ሲሻሻል ለተቀጣሪ ከግብር ነፃ የሆነው ወርኃዊ ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ተገቢ ነው፤ ዘግይቷልም። መነሻ ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ሰው ለመኖር የሚያስፈልገው ገንዘብ ግብር አይነካውም። ይህ ሐሳብ ገበሬው ደጅ ሲደርስ ለምን ይቆማል? ሠንጠረዡ ከመጀመሪያው ጥማድ ጀምሮ ያስከፍላል፣ ከታች ወለል የለውም። ግማሽ ሄክታር ያለው ባለ አምስት ሰው ቤተሰብ ውሰዱ። መንግሥት ራሱ በሴፍቲኔት ለአንድ ሰው በወር የሚቆጥረው 15 ኪሎ እህል ነው፤ ለአምስት ሰው በዓመት 9 ኩንታል ይሆናል። ግማሽ ሄክታር ጤፍ በደህና ዓመት፣ በሄክታር 18 ኩንታል ብለን ብናስብ፣ የሚሰጠው 9 ኩንታል ነው። ዘር አልወጣም፣ የማዳበሪያ ዋጋ አልተቀነሰም፣ ጨውና ሳሙና አልተገዛም። በእናንተው መለኪያ ይህ ቤት የሚሸጠው ትርፍ የለውም፤ የገቢ ግብር ግን አለበት።

የይዞታው ልክ ራሱ ብዙ ቦታ አይታመንም። በመጀመሪያው ዙር ደብተር ሲሰጥ መሬቱ የተለካው በገመድና በዐይን ግምት ነበር። ሁለተኛው ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ በካርታ ሲመጣ 5 ጥማድ የተባለው 0.96 ወይም 1.1 ሄክታር ሆኖ የተገኘበት ገበሬ ጥቂት አይደለም። የግብር መዝገቡ ግን የሚሄደው በድሮው ቁጥር ነው፤ የመሬት አስተዳደሩ መዝገብና የገቢዎች መዝገብ አይተዋወቁም። ክፍያው በግማሽ ሄክታር እርከን ሲሆን ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከ1 ሄክታር በታች ያለው ሰው 1.25 ተብሎ ከላይኛው እርከን ላይ ይከፍላል። ለልጁ ያካፈለ፣ ለመንገድ የተወሰደበት፣ ወንዝ የበላበትም እንደዚያው ነው። «ደብተርህን አስተካክለህ ና» ይባላል። ማስተካከል ያለበት ቢሮ ከአስከፋዩ ቢሮ ጋር ብዙ ጊዜ አንድ ግቢ ውስጥ ነው።

የመሰብሰቢያው ወቅትም እህል ገና ከአውድማ ሲገባ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ፣ ዋጋው ከዓመቱ ዝቅ ሲል ነው። ያን ጊዜ ለግብር የተሸጠ ጤፍ ክረምት ላይ ያው ገበሬ በውድ መልሶ የሚገዛው ነው። ክፍያውን በሁለት ከፍሎ መቀበል ለመንግሥት የሚያሳጣው ነገር የለም።

ከግብሩ ጠረጴዛ ጎን ስለሚሰበሰበውም አንድ ነገር እንበል። የስፖርት፣ የልማት ማኅበር፣ የጤና መድን፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጥገና፣ ሌላም ሌላም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰው፣ በአንድ ድምር ይጠየቃል። የጤና መድን መልካም ነገር ነው፤ ብዙ ቤት አድኗል። ነገር ግን በአዋጅ የተጣለ ግብርና በፈቃድ የሚሰጥ መዋጮ በአንድ እጅ ሲሰበሰቡ ገበሬው የትኛውን እምቢ ማለት እንደሚችል አያውቅም። ለግብሩ ሞዴል 64 የተባለው የመንግሥት ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ለቀሪው አንዳንዴ ቁራጭ ወረቀት፣ አንዳንዴም ምንም። «ግብር አልከፈለም» ተብሎ ከማዳበሪያ ዝርዝር ከሚወጣው ሰው መካከል ግብሩን ከፍሎ መዋጮው የቀረበት አለ። ድምሩ አንድ ስለሆነ አልከፈለም ይባላል።

የእያንዳንዱን ገበሬ ገቢ መገመት አይቻልም የሚል መልስ እንጠብቃለን። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በ1960 ዓ.ም. አሥራት የተባለው የቀድሞ የእርሻ ግብር ቀርቶ የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ሲመጣ በጎጃም ውስጥ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት የተነሣው ዐመፅ አንዱ ምክንያቱ ገማችና ቀያሽ ወደ ማሳው መምጣቱ ነበር። ደርግ በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 77 የመሬት መጠቀሚያ ክፍያንና የግብርና ገቢ ግብርን በአንድ አዋጅ አወጣ፤ ክልሎችም ይህን ማጣመር ወረሱ። ገማች ወደ አውድማ ይመለስ አላልንም። ማንም ገበሬ ያን አይፈልግም።

ነገር ግን ለግምት የሚያስፈልገው ሁሉ በእጃችሁ አለ። የግብርና ቢሮ በየመኸሩ በየቀበሌው የሰብል ሁኔታ ሪፖርት ያደርጋል። ስታቲስቲክስ አገልግሎት በናሙና ማሳዎች ላይ ሰብል አጭዶ ይመዝናል። የአደጋ ስጋት መሥሪያ ቤቱ በልግና መኸር እየጠበቀ የተጎዱ ወረዳዎችን ይለያል። አንድ ወረዳ በአንድ በኩል እርዳታ ይድረስለት ተብሎ ሲጻፍለት በሌላ በኩል ያው የግብር ዕቅድ ይሰጠዋል። ሁለቱን ወረቀቶች የምታነቡት እናንተው ናችሁ።

የምንጠይቀው ይህን ነው። የገቢ ግብሩ ከመሬት መጠቀሚያ ክፍያው ተለይቶ ይጣል፤ ከታች ወለል ይኑረው፣ ወለሉም ቤተሰብ ከሚበላው በታች አይሁን። መሬት በእኩል ወይም በኪራይ በተሰጠ ጊዜ በቀበሌ በተመዘገበ ውል መሠረት ግብሩን ገቢውን ያገኘ ሰው በድርሻው ይክፈል። ሰብል ሲጎዳ የቀበሌው ባለሙያና ሁለት ጎረቤቶች የፈረሙበት፣ በስልክ የተነሣ ፎቶ የተያያዘበት ማስረጃ ይበቃ፤ የወረዳው ቡድን በ7 ቀን ውስጥ ካልመጣ ማስረጃው እንደጸደቀ ይቆጠር፣ ገበሬውም ማሳውን ገልብጦ ይዝራ። ተከትሎ የተዘራው ጓያ ወይም ሽምብራ የመኸሩን ጉዳት እንደማያስቀር በግልጽ ይጻፍ። የማዳበሪያ ስርጭት ከግብርም ከመዋጮም ጋር እንዳይያያዝ የሚከለክል፣ ይህን የሚያደርግ ሠራተኛም የሚጠየቅበት አንቀጽ ይግባ።

ይህ የመጨረሻው ግን አዋጅ እስኪሻሻል መጠበቅ የለበትም። የገቢዎች ቢሮ ኃላፊ በአንድ ገጽ ሰርኩላር ነገ ሊያስቆሙት ይችላሉ። የዘንድሮ የማዳበሪያ ፍላጎት ዝርዝር በየቀበሌው እየተሞላ ነው። ሰርኩላሩ ከዝርዝሩ በፊት ይድረስ፤ ባለፈው ዓመት በዚህ ምክንያት የተሰረዙትም ስማቸው ይመለስ። ምክር ቤቱ ደግሞ በሚቀጥለው ጉባኤው ጉዳዩን በአጀንዳ ይዞ እንደሆነና እንዳልሆነ በጽሑፍ እንዲያሳውቀን እንጠይቃለን።

ግልባጭ፦
ለክልሉ ግብርና ቢሮ
ለክልሉ ገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ቢሮ
ለክልሉ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ኤጀንሲ
ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም